መካነ ብርሃንን ሰጠሁ

መካነ ብርሃንን እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ማን ጻፈው? እስከ ዛሬ አላውቅም። የአገሮቹን ስም አንድ በአንድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እየጻፍኩ አንብቤያለሁ፤ ከጻፍኩ በኋላም ደግሜ አንብቤያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነውና ዛሬም ያነበብኩትን ሳልደግም አላምንም። መካነ ብርሃን አልነበረበትም።

ደርግ በመጨረሻው ዘመኑ ላይ ሳለ ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ከመጻሕፍቱ ክፍል በስተኋላ፣ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል፣ የውጭ አገር ሰዎች ለጥናት አምጥተው ትተውት የሄዱ አንድ ኮምፒውተር ነበር። የሚያውቅበት አንድ የሒሳብ መምህር ብቻ ነው። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሮም ጥሩ ነገር ሲያይ “ሸጋ!” ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራተኛ ልጆችን ሰብስቦ በዚያ ኮምፒውተር ያስተምራቸው ነበር። የሚያስተምራቸው በጨዋታ ነው። እንቆቅልሽ የሚጫወት ፕሮግራም ሠራላቸው።

ልጁ አንድ ነገር በልቡ ያስባል። ኮምፒውተሩ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ይጠይቃል፤ ሕይወት አለው? ቀንድ አለው? ይበርራል? ልጁ “አዎ” ወይም “አይ” ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ ይገምታል። ከሳተ፣ የታሰበው ምን እንደ ነበር ይጠይቅና ሌላ ጊዜ እንዳይሳሳት አንድ አዲስ ጥያቄ እንዲያስተምሩት ይለምናል። ከዚያ እንደ እንቆቅልሽ ደንብ አገር ይሰጣል። “ተሸነፍኩ። አዘዞን ሰጠሁ።”

ልጆቹ “አያ ሳጥን” አሉት። ሲረቱት ክፍሏ ትናወጣለች።

“አዘዞ ገብቼ ምን አጥቼ! እርጎው ለእኔ፣ አቧራው ለአያ ሳጥን!”

ክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት አንዲት ልጅ እንኳ የሌሊት ወፍን ከሌላ ወፍ የሚለይ ጥያቄ አሰበችና “ጡት ያጠባል?” ብላ አስተማረችው። መምህሩ “ሸጋ! ሸጋ!” እያለ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

የአገሮቹን ስም እሱ እየነገረኝ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ታይፕ እችል ነበር። አዘዞ፣ ማክሰኝት፣ ዳባት፣ ደባርቅ... ስንጨርስ፣

“የእርስዎስ አገር?” አልኩት።

“መካነ ብርሃንን? ይሄ ሳጥን በተረታ ቁጥር አገሬን ሲያድላት ልይ?” ብሎ ሳቀ። “እሷን ለራሴ አስቀምጫታለሁ፣ እህቴ።”

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩለትም። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ከቆየ ኮምፒውተሩ በራሱ “ምነው ዝም?” ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ተማሪ ሲያፋጥጥ የሚላት ቃል ናት። ያቺ ቃል ድምፅ ሳይኖራት በአረንጓዴ ብርሃን ብቅ ስትል፣ ሰው ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ እዞር ነበር።

አንድ ሰኞ መምህሩ ከቤቱ ወጥቶ ኮሌጁ ሳይደርስ ቀረ። “ወሰዱት” ያሉ ነበሩ፤ “ጫካ ገባ” ያሉም ነበሩ፤ ሁለቱም በጆሮ ነው የሚባለው። ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ሚስቱ ያልጠየቀችው ቢሮ የለም። ሁሉም “እኛ ዘንድ የለም” አሏት። ይሙት ይኑር እስካሁን የሰማ ሰው የለም።

ልጆቹን ወላጆቻቸው ፈርተው አስቀሯቸው። የእሱ ልጅ ብቻ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቅዳሜን ጠብቃ መጣች።

“እትዬ፣ አያ ሳጥንን ይክፈቱልኝ።”

ጨዋታው ያለበትን ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበት ነበር፤ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ከፈትኩላት። እንዲህ እያልን ብዙ ቅዳሜ አሳለፍን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ነጭ አድርጎት ነበር። እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ።

“ምን አሰብሽ?” አልኳት።

“አይነገርም እኮ!”

ሕይወት አለው? ሲል ጠየቀ ኮምፒውተሩ።

ጣቷን አነሳች፤ አልመታችም።

ምነው ዝም?

“እትዬ፣” አለች ሳትዞር፣ “ምን ልበለው?”

ማንን እንዳሰበች ያኔ ገባኝ። “አንቺ ያሰብሽውን ማን ያውቅልሻል?” አልኳት።

“አዎ” ብላ መታች። ቀንድ አለው? አይ። ይበርራል? አይ። እየጠየቀ እየጠየቀ ሄዶ፣

ጦጣ ነው?

ሳቋ አመለጣት። “አባዬን ጦጣ አለው! ቆይ፣ ሲመጣ እነግርብሃለሁ!”

ምን ነበር? አለ። “አባዬ” ብላ ጻፈች። አባዬን ከጦጣ የሚለይ ጥያቄ አስተምሩኝ። ብዙም አላሰበች። “ይመለሳል?” ብላ ጻፈች።

ሌላ ጊዜ አገሩን ወዲያው ነው የሚሰጠው። ያን ዕለት ዲስኩ እያቃሰተ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

ተሸነፍኩ። መካነ ብርሃንን ሰጠሁ።

ልጅቷ አልፎከረችም። “ገብቼ ምን አጥቼ” አላለችም። መዳፏን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳርፋ፣ “እዚያ ነው ያለው” አለች፣ ቀስ ብላ።

እሷ ከሄደች በኋላ መምህሩ እንዳሳየኝ አድርጌ የአገሮቹን ዝርዝር ከፈትኩት። እኔ እንደጻፍኩት ነው፤ የተጨመረ የለም። ሌላ ቦታ ሸሽጎት ይሆናል፤ ፕሮግራሙን ሁሉ ማንበብ አልችልም ነበር። ግን ልጅቷ አንድ ቀን እሱን አስባ እንደምትቀመጥ በምን አወቀ?

ራሴም ተቀምጬ ሞከርኩት። የማስበው ሌላ፣ እሱ የሚጠይቀኝ ሌላ። ይመለሳል? ይለኛል። “አይ” ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። “አዎ” ስል፣ አባዬ ነው? ይላል። ስረታው ማክሰኝትን ሰጠኝ፤ ዳባትን ሰጠኝ። መካነ ብርሃንን ግን አልደገማትም።

ለማንም አልተናገርኩም። ያ የጃናሞራ ደጋ ከመንግሥት እጅ ወጥቷል በሚባልበት ጊዜ፣ “መምህሩ መካነ ብርሃን ነው” የምትል ወሬ ቀበሌ ብትደርስ እናትና ልጅን ታስጠይቃለች። ለሚስቱ ብነግራት ደግሞ ልጇን ይዛ በጦርነቱ መሐል መንገድ የምትጀምር መሰለኝ። ዲስኩን ቆለፍኩበት፤ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አለበስኩት።

ክረምቱ እንዳለፈ የመምህሩ ታላቅ ወንድም ከአዘዞ መጣና እርሙ ይውጣ አለ። አስከሬን ባይኖርም ይለቀስለት፣ በቃ፣ ተስፋው ይቆረጥ ማለቱ ነው። ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ። በሕይወት ካለ በቁሙ ሊያለቅሱበት ነው፤ ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ የዕድር ወንበር ተደርድሯል። ሚስቱን ጓዳ አገኘኋት፤ የተነከረ ጥቁር ቀሚስ እየጨመቀች ነበር። በሩን ዘግቼ ነገርኳት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

እጇን ከውኃው አላወጣችም።

“ልጄ የዚያኑ ዕለት ነግራኛለች” አለችኝ።

“ታዲያ?”

“አባቷ የናፈቃት ልጅ ምን የማታየው አለ ብዬ ተውኩት። አንቺ ግን ያላየሽውን አትናገሪም።” ቀና አለች። “በዓይንሽ አየሽው?”

“አየሁት።”

“ሞቷል አላለም?”

“እሱን አላለም።”

ወንድምየው ከግቢ ተጣራ፤ “አንቺ፣ ወንበሩ ይበቃል? ልጨምር?”

ቀሚሱን ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች።

“አያ፣ ወንበሩን ይውሰዱት።”

“ምነው? ምን ተገኘ?”

“ምንም አልተገኘ። ብቻ ይውሰዱት።”