ለዳክዬዎች የተገዘተው ጨፌ

ሰውአገኝ ዳባት አጠገብ ያለውን ጨፌ ስድስት ክረምት ጠብቋል። አረንጓዴ ጃኬቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ረግረጉን ሲዞር ይውላል። ሥራው ለአፍ እንኳ ይከብዳል፤ ዳክዬ ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በኋላ ግን ወፎቹን ወደዳቸው፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ዳክዬዎቹ በክረምት እዚህ ደጋው ላይ ይፈለፈላሉ፣ በጋውን ሱዳን ወርደው ይኖራሉ። ካርቱም ያሉ ወፍ ወዳጆች ይህን አውቀው ገንዘብ ያዋጣሉ። ገንዘቡ ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር ባለች አንዲት ቢሮ በኩል ገለባ ይሆንና በሐምሌ ለአርባ አባወራ ይከፋፈላል። ሐምሌ ለከብት ክፉ ወር ነው። ማሳው ተዘርቷል፣ ያምናው ገለባ አልቋል፣ ሣር የቀረው ጨፌው ላይ ብቻ ነው። ገለባው ስለሚመጣ ቄስ ወልደኢየሱስ በሰኔ ሚካኤል ጨፌውን ይገዝታሉ፤ እስከ መስቀል ከብት ያስገባ የተወገዘ ነው። አጥር የሚዘል ጎረምሳ እንኳ ግዝት አይዘልም።

ካርቱም ላይ ጦርነት በተነሣበት ዓመትም ግዝቱ እንደ ልማዱ ተነገረ። ገለባው ግን አልመጣም። ሐምሌ ሲገባ ሰውአገኝ ማኪና ተሳፍሮ ማራኪ ሄደ። የቢሮዋን ሠራተኛ ጽጌሬዳን ዕቃ በካርቶን ስታሽግ አገኛት።

«ገንዘቡን የሚልኩት ሰውዬ ስልካቸው ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም፤ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም» አለችው።

«ምነው፣ ሌላ ሰው የላቸው?»

«ቢሮውንም የሚከራዩልን እነሱ ነበሩ፤ በዚህ ሳምንት እንለቃለን። ለሰዎቹ ቁርጡን ይንገሯቸው፣ ጋሼ።»

መንገዱን ሙሉ ቁርጡን ሊናገር ሲለማመድ መጣ። ሰዎቹ ከበው ሲጠይቁት ግን እንቁላሎቹ ትዝ አሉት። ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። እውነቱን ቢናገር ቄሱ ግዝቱን ያነሣሉ፣ ከብቱም በማግሥቱ ጎጆ ጎጆውን ይረግጠዋል።

«መንገድ ላይ ነው» አላቸው።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የፈለገው። ሰው ራሱን የሚያታልለው እንዲህ እያለ ነው።

ያለው ሰው ከገበያ ገለባ ገዛ፣ የሌለው ከዘመድ ለመነ። ሽታዬ ግን ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላም ብቻ ያለቻት ሴት ናት። ላሚቱም አርግዛ ከብዳ ነበር። ሽታዬ የማሳ ድንበር ሣር እያጨደች፣ ከቤቷ ክዳን ሳይቀር እየመዘዘች አበላቻት። ከጨፌው ግን አንድ ዘለላ አልነካችም፤ ገለባው መንገድ ላይ ነው ተብላለቻ። በዘጠነኛው ቀን ላሚቱ ወደቀች፣ አልተነሣችም።

በማግሥቱ ጠዋት ሽታዬ ሰውአገኝ ደጅ መጣች። አላለቀሰችም።

«አያ ሰውአገኝ፣ ገለባው ሲመጣ ድርሻዬን ለጎረቤቴ ለዓይናለም ስጥልኝ። የእሷ በሬ ተጎድቷል። እኔማ ከእንግዲህ ምን አደርግበታለሁ።»

ሰውአገኝ ከደጁ ቀጥ ብሎ ቄሱ ዘንድ ሄደና እግራቸው ሥር ወድቆ ሁሉንም ተናገረ።

«በእኔ ቃል ድሃ አስራብህበት» አሉት ቄሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱን ፈቱ። ምክንያቱን አልተናገሩም። ወዲያው ከብቱ ጨፌውን ሞላው። ዳክዬዎቹ ተነሥተው ከላይ እየዞሩ ይጮኹ ነበር። ሰውአገኝ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎ ዳር ቆመ። የምትነዳው ከብት ስለሌላት ሽታዬም መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ገለባው ቀረ ማለት ነው?»

«ቀርቷል።»

«መቼ ሰማህ፣ አያ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር።

«ማራኪ የሄድሁ ዕለት» አላት።

ሽታዬ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ቤቷ ሄደች። ዛሬም መንገድ ሲያገናኛቸው ሰላምታ አትነፍገውም። አያ ማለቱን ግን ትታለች።