የዜንዚ ግድግዳ ሰሌዳ

በዚያ ሰኔ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ነፋስ አልነበረውም፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ኢን ወንዝ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ በድልድያችን ሥር ያሳልፍ ጀመር።

የባሌ ታላቅ እህት ክሬስዜንስ፣ እኛ ዜንዚ የምንላት፣ ወንዙ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበራት። ድሮ ጨው የጫኑ ጀልባዎችን ሽቅብ የሚጎትቱ ፈረሶች ያድሩበት የነበረ ቤት ነው። ጀልባው ቀረ፣ ፈረሱ ቀረ፣ ከተማውም ተኛ። ቤቱ ግን ለብስክሌተኞች አልጋና ሾርባ እያቀረበ ቆየ። ዜንዚ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ እዚያ አንሶላ አጥባለች። አላገባችም። ከቤቱ ሌላ ምንም አልነበራትም።

በእኛ ከተማ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ሁሉ፣ ትልቁ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ላይ የድንጋይ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ዕቃ የሚቀመጠው በዚያ ተለክቶ ነው። የዜንዚ ሰሌዳ ወገቤ ጋ ነበር። የማሞቂያውን የናፍጣ ታንከርም ከዚያ ከፍ አድርጋ በሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀምጣዋለች።

ቬንደሊን መጣ፤ ሥጋ ሻጭ ነው፣ በጎርፍ ጊዜ ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር ይወጣል።

«እትዬ ዜንዚ፣ ይውጡ። ታንከሩንም በሰንሰለት እንሰረው።»

«ሥጋ ስትመዝን አውራ ጣትህን ሚዛኑ ላይ የምትጭን ሰውዬ፣ ስለ ውሃ ልታስተምረኝ ነው? ሰሌዳውን አንብብና ሂድ።»

«አውራ ጣቴ ትንሽ ናት» አለና ስቆ ሄደ። ሌሎች ብዙ ቤቶች ይጠብቁት ነበር።

እኛ ሰሃኑን ከሰሌዳው በላይ ወዳለው መደርደሪያ ስናወጣ ባሌ ኮርቢኒያን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ዜንዚ፣ ሰዎቹ ታንከሩን ይሰሩት።»

«ደግሞ አንተ?»

«ሰሌዳው ቦታው ላይ አይደለም። አንቺ በሌለሽበት ሰሞን፣ ግድግዳው ሲለሰን አባባ አወረደው። እንግዶች እያዩ ይፈራሉ ብሎ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«የት ነበር?»

እጁን ዘርግቶ የመስኮቱን አናት አሳያት።

«አርባ ዓመት ምን ዘጋህ?»

«አትናገር አለኝ። ከዚያ ረሳሁት።»

ሰሃኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ያንን ሥጋ ሻጭ ጥራው» አለችው። ኮርቢኒያን ሮጠ፤ ግን የእሳት አደጋ ሰዎቹ በጀልባ ከድልድዩ ማዶ ተሻግረው ነበር፣ መንገዱም ጉልበት ድረስ ሞልቷል። ዜንዚን ይዘን ወጣን። ከሰዓት በኋላ ውሃው ታንከሩን ከመደቡ አነሳውና ቧንቧው ተሰበረ። ናፍጣው ከውሃው ጋር እስከ መስኮቱ አናት ወጣ።

ውሃው በሁለት ቀን ሄደ። ናፍጣው ግን ከጡብ አይወጣም። አንድ ወር ሙሉ ልስኑን ፋቅን፤ ፀሐይ ባረፈበት ቁጥር ሽታው ይመለሳል። ቤቱን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ይፍረስ አለ። ኮርቢኒያን ያን ቀን ማድ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ልጅ ነበርክ፤ ተወው» አለችው ዜንዚ። የአባታቸውን ስም አልጠራችም። ከዚያ ወዲህም ስሙን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ዜንዚ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። መስኮቷ የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ሐሙስ ሐሙስ የሚታጠብ ልብሷን እኔ እወስዳለሁ።