ሳንቲም ጣይዋ ጠጂቱ

ጠጂቱ ከሐሙስ ጀምሮ ከመስኮት አልተለየችም። ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ሆና መጋረጃውን ትገልጣለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ትመልሰዋለች። ሻይ ልትጥድ ትሄድና ሳትጥድ ተመልሳ እንደገና ትገልጣለች። ቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ዝናብ አለ። ሬዲዮውም ዝናብ አለ። እሷ ሁለቱንም አላመነችም፤ እጇን በመስኮት አውጥታ ራሷ ሞከረችው። እጇ ረጠበ።

"ምን ሆነሻል ማሚ? ሰርግ የምትደግሺ ትመስያለሽ" አለቻት ልጇ ሩሃማ።

"ነገሩን ማን አመጣው እና!" አለች ጠጂቱ፣ ዓይኗን ከደመናው ሳትነቅል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጂቱ ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ትንሽ ካንቲን አላት። ሳምቡሳ፣ የእንቁላል ሳንድዊች፣ ሻይ ትሸጣለች። ሾፌሮቹ ግማሹ ከፓኪስታንና ከህንድ፣ ግማሹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው። በሌላ በምንም አይስማሙም፣ በክሪኬት ግን አብረው ያብዳሉ። በየበጋው አንድ ጊዜ፣ ትልልቆቹ አገሮች እንደሚያደርጉት "ቴስት" ብለው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድን ከአንድ የበዓል ሰኞ ጋር ደምረው አምስት ቀን ይጫወታሉ። አንድ ጨዋታ፣ አምስት ቀን። ጠጂቱ መጀመሪያ ስትሰማ "እናንተ ሰዎች ቤተሰብ የላችሁም?" ብላቸው ነበር።

ጨዋታው የሚጀመረው ሳንቲም ተጥሎ ነው። ያሸነፈው ካፒቴን ቀድመን በዱላ እንመታለን ወይም ቀድመን ኳስ እንወረውራለን ብሎ ይመርጣል። አንድ ዓመት በዚህች ሳንቲም የተነሳ የፓኪስታንና የህንዶቹ ካፒቴን ኢቅባልና የካሪቢያኖቹ ካፒቴን ሊዮናርድ ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም፤ የጣለው ሰው ያንደኛቸው ዘመድ ነበረና። በማግስቱ ሁለቱም ካንቲን መጥተው ጎን ለጎን ቆሙ። "ማማ፣ አንቺ የማንም ወገን አይደለሽም። ከእንግዲህ ሳንቲሟን አንቺ ጣይልን" አሏት።

ይህች ቃል ጠጂቱን ምን እንዳደረገቻት እነሱ አያውቁም። ዕድሜዋን ሙሉ "የማን ወገን ነሽ?" ስትባል ነው የኖረችው። በወጣትነቷ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌው ጠየቃት፤ ከቀበሌው የተደበቁትም ጠየቋት። መልሷ አንዱንም አላስደሰተም፣ ወንድሟንም በዚያው አጣች። ሱዳን ብትሻገር መጠለያው ውስጥ ጠየቋት። ቶሮንቶ ገብታ እንኳ፣ ባገር ቤቱ ምርጫ ሰሞን ብሉር ጎዳና ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልትበላ ብትቀመጥ፣ ሽሮው ሳይቀርብ ጠየቋት። ስለዚህ ነጭ በለበሱ ሰዎች መሃል ቆማ ሳንቲም መጣል ለሷ ጨዋታ አልነበረም፤ ክብሯ ነበር። ወንበሯን ከሁለቱ ቡድኖች ድንኳን እኩል ርቀት ላይ፣ ዛፍ ስር ትዘረጋለች። የሁለቱንም ምግብ ትበላለች። ለማንም አታጨበጭብም።

ሳንቲም ደግሞ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ጉልበት የሚሰጣት ሰማዩ ነው። ይህን ያስተማራት ኢቅባል ነው። በደረቅ ቀን ያሸነፈ ቀድሞ ይመታል፤ መሬቱ ቀን በቀን እየተሰነጠቀ ሲሄድ ኳሷ እንደፈለጋት ስለምትነጥር መጨረሻ ላይ የሚመታ ፍዳውን ያያል። ይህ ግን ይቻላል። ሰማዩ ደምኖ ሣሩ ሲረጥብ ነው ጉዱ። ኳሷ አየር ላይ ትታጠፋለች፣ መሬት ነክታ ትሾልካለች፣ ቀድሞ የሚመታው ቡድን አንድ በአንድ እየተለቀመ ይወጣል። "እንዲህ ባለ ጠዋት ጨዋታውን የምታሸንፈው ሳንቲሟ ናት" ይላል ኢቅባል።

ታዲያ በዚያ ዝናብ አላባራ ባለው በፈረንጆቹ 2008 የቶሮንቶ በጋ፣ ጨዋታው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ሩሃማ ጣቷ ላይ ቀለበት አድርጋ ቤት ገባች። ልጁ ማርከስ ነው፤ የሊዮናርድ ልጅ።

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። የማርከስ ዳድ ከማች በፊት ምንም አይሰማም። ሲያልቅ ማርከስ ራሱ ቶክ ያደርገዋል።"

ጠጂቱ እልል ልትል የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው። ሳንቲሟ ትዝ አለቻት። ቅዳሜ ደመና ሆኖ ሊዮናርድ ቢያሸንፍስ? የሰርጉ ጥሪ ኢቅባል እጅ ሲገባ ቀኑን ወደኋላ ይቆጥራል። ለካ ያኔ ተዛምደው ነበር፣ ይላል። ማማ የምትባለው ሴት በዚያች ቀን አበቃላት ማለት ነው።

ቅዳሜው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት ነበር። "ገብርኤል፣ ሰማዩን አጥራልኝ፤ ሳንቲሟ ማንንም የማትጎዳበት ቀን አድርግልኝና ጥላ አስገባልሃለሁ" ብላ ተሳለች። ዝናብ እንዲቀር ጥላ መሳሏ ሩሃማን አሳቃት። ጠጂቱን አላሳቃትም፤ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ዝቅ ብሎ ተደፍቶ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ውሃ ሣሩ ላይ ተኝቷል። ሁለቱ ካፒቴኖች ተንበርክከው መሬቱን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፣ ተነሡ፣ ተያዩ።

ጠጂቱ የአንድ ዶላሯን ሳንቲም አውራ ጣቷ ላይ አስቀመጠች፤ ባንድ ፊቷ ንግሥት፣ በሌላው ወፍ።

"እኔ ንግሥቲቱን" አለ ኢቅባል።

የባሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ልቧ "ወፏ ትሁን" አለ። እንዲህ በግልጽ፣ በጆሯ የሰማችው ያህል። ኢቅባል ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ለካ ትንሹ ነገር ነበር። ለሊዮናርድ አድልታለች፤ አለቀ። እጇ ወረደ።

"አልጥልም" አለች።

"ምነው ማማ፣ አመመሽ?" አለ ሊዮናርድ።

"አላመመኝም። ዛሬ ወገን አለኝ።"

ኢቅባል ቀስ ብሎ "የማን?" አላት። ያች ጥያቄ ውቅያኖስ ተሻግራ እዚህም ደረሰችባት።

"የሱ" አለች፣ ሊዮናርድን ባገጯ እያሳየች።

"እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?" አለ ሊዮናርድ ከልቡ ደንግጦ።

ጠጂቱ ለልጇ የገባችውን ቃል አስባ ከዚያ በላይ ትንፍሽ አላለችም። ማርከስ ግን ገባው። ከቡድኑ መሃል ወጥቶ አባቱ ፊት ቆመ። "ዳዲ፣ እኔና ሩሃማ ልንጋባ ነው" አለ። ሊዮናርድ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ልጁንም ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገው።

ኢቅባል አልሳቀም። መዳፉን ዘረጋ። ጠጂቱ የለቀቀውን ቤት ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሰው ሳንቲሟን ሰጠችው። በመንገዱ ውሻውን እያናፈሰ የሚያልፍ፣ ስለ ክሪኬት ምንም የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ኢቅባል ጠራውና "ይህችን ወደ ላይ ወርውርልን" አለው። ሽማግሌው ወረወረ።

ወፏ ሆነች።

ሊዮናርድ "እንወረውራለን" አለ። የኢቅባል ሰዎች ለምሳ ሳይቀርቡ ተለቅመው አለቁ። ኢቅባል ራሱ አንዲት ኳስ በቅጡ ሳይመታ ነው የወጣው። ጠጂቱ ዛፏ ስር ብቻዋን ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ተነሥታ ልሂድ ትላለች፣ ትቀመጣለች። ከሁለቱም ድንኳን ሳህን ያመጣላት አልነበረም። አሳፍሬያቸዋለሁ፣ ብላ አሰበች፤ ከዚህ በኋላ ካንቲኑም የኔ አይደለም።

ኢቅባል የመምቻ ዱላውን በብብቱ ይዞ ወደ ዛፉ መጣ።

"ያችን ሳንቲም አንቺ ጥለሻት ቢሆን፣ ሰርጉን የሰማሁ ቀን ምን እንደምል ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"አሁን የምረግመው ዝናቡን ብቻ ነው። ተነሺ።"

ተነሣች። ኢቅባል ወንበሯን አጥፎ አነሣና በእርጥቡ ሣር ላይ እየተራመደ ወደ ሊዮናርድ ድንኳን ወሰደው። ሁሉም እያየ ከፊት ረድፍ ዘረጋላት።

"ቦታሽ እዚህ ነው። ማክሰኞ ካንቲን ስመጣ ሻዬን አትርሺ" ብሏት ሄደ።

ጠጂቱ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ወገን የሚሉት ነገር፣ ተሸናፊው ራሱ ወንበር ተሸክሞ የሚያደርስበት ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሯት አያውቅም። በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍና አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ማርከስ ሊመታ ሲገባ ግን ነጠላውን ገለጠችና አጨበጨበች።