ሁለቴ የታሰረው ሽቦ

ፖስተኛው ሞተር ብስክሌቱን ደጃፍ ላይ ካቆመ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ ወንድሜ ግን ሥራ ቤቱ ውስጥ ገና የሽቦ ጫፍ ይልጣል። ፕላስቲኩን በጥፍር ልክ ብቻ ይገፋል፤ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዱም መቆረጥ የለበትም። ክሮቹን በጣቶቹ ያሾራቸዋል፣ የነሐስ ማያያዣው ውስጥ ያስገባቸዋል፣ በፒንሳ ጥርቅም አድርጎ ይጨምቃቸዋል። ሌላ ሠራተኛ እዚህ ላይ ያበቃል። እሱ ግን የጋለውን ብረት አንስቶ ከላይ ስታኞ፣ ያን ማጣበቂያ እርሳስ፣ ያቀልጥበታል። ስታኞው እያብለጨለጨ ወደ ክሮቹ ሲሰርግ ፊቱ ይፈካል።

«አንተ ሁለቴ፣ ተጨመቀ አይደል? በቃ ልሂድበት» አለ ፖስተኛው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለው ወንድሜ ቀና ሳይል። «ጉም ውስጥ ነው የምትነዳው።»

«ሽቦ ሁለቴ ታስራለህ፤ ሚስት ግን አንዴም አላገባህ!»

ጥግ ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ሳቅ አመለጠኝ። ወንድሜም ሳቀ።

ሰፈሩ «ሁለቴ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሼ ነው፤ ከልጅነቱ በር ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል። ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ሁለቴ ነው። በዚሁ አመሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ስም አተረፈ። «የሁለቴ መብራት አይጠፋም» ይሉታል።

ያን ቀን ለፖስተኛው ሁለት ጠንካራ መብራቶች ገጠመለት። ለሁለቱም ኃይል የምታደርሰው ያቺው አንዲት ሽቦ ነበረች።

አራት ወር ሳይሞላ ፖስተኛውን በማለዳ ጉም ውስጥ ከባድ መኪና ገጨው። እዚያው አረፈ። ሾፌሩ ታሰረ። ስብርባሪውን ሞተር ፖሊስ አይቶ ከለቀቀው በኋላ፣ የሚረባ ዕቃ ካለው ይፈታ ብለው የፖስተኛው ቤተሰቦች ወንድሜ ጋ አመጡት።

ወንድሜ መጀመሪያ የፈለገው ያቺን ሽቦ ነው። ማያያዣው እንዳለ ነው፤ ስታኞውም ያብለጨልጫል። ጣቱን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያንሸራትት ግን ሽቦዋ እጥፍ አለችለት። ፕላስቲኩን ላጠው። ስታኞው የደረሰበት ድረስ ክሮቹ እንደ ሚስማር ደርቀዋል፤ ልክ እዚያ ላይ፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ፣ ሁሉም ተበጥሰዋል። ከውጭ ምንም አይታይም።

«እታለም» አለኝ፣ «መጨመቁ ብቻ ይበቃው ነበር።»

ብጣሹን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተው።

በሳምንቱ የሾፌሩ እናት ወደ ሥራ ቤቱ መጡ። ሴትዮዋ ቆመው ነው ያወሩት።

«ልጄ መብራት አላየሁም ይላል። ማን ይመነው? የሁለቴ እጅ የነካው አይጠፋም እያሉ ይስቁበታል። እስቲ አንተ ንገረኝ የኔ ልጅ፤ ሊጠፋ አይችልም?»

የጋለው ብረት በእጁ ነበር። ጫፉ ጠረጴዛው ላይ አርፎ እንጨቱን ሲያጨሰው እንኳ ልብ አላለም።

«ይቀመጡ እማማ፤ ይቀመጡ» አላቸው።

«መቀመጡስ ይቅርብኝ።»

«አይጠፋም» አለ።

ይቺን አንዴ ብቻ ነው ያላት። እሳቸው ደጃፉን እንደያዙ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ። ምርቃታቸው ከእርግማን ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። አንድ ጠዋት ተላጨ፣ ጫማውን ጠረገ፣ የክብሪቱን ቀፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ። ኪሱን ዳሰሰ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዳሰሰ።

«ትራፊክ ቢሮ ሄጄ አሳያቸዋለሁ፤ የልጁ ፍርድ ሐሙስ ነው» አለኝ።

«ልከተልህ?»

«ተይ እታለም።»

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ቀረ።

«ደረስክ?»

«በሩ ድረስ ደርሻለሁ። ዘበኛው ‹ምን ጉዳይ ነበረህ?› አለኝ። ጉዳዬ ጠፋኝ።»

ሐሙስ መጣ፣ አለፈ። ሾፌሩ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ወንድሜ አሁን ሽቦ አይነካም፤ ሥራ ቤቱም ተዘግቷል። «ነገ እሄዳለሁ፤ ነገ» ይለኛል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። ኮቱ ከሚስማሩ ላይ አልወረደም። አቧራውን ሳራግፍለት የክብሪቱ ቀፎ ኪሱ ውስጥ ኮሽ ይላል።