ካውያና የመንገዱ ይቅርታ

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ ነው። እንፋሎቱ የግድግዳውን ቀለም ልጦ ጨርሶታል፤ የእሷም ክንድ ከክርኗ በታች በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። ስሙ ግን በሥራዋ ብቻ የመጣ አይደለም። ቶሎ ትግላለች፣ የነካችውን ታቃጥላለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትበርዳለች። አለቃዋ ራሱ የሚያናግራት ራቅ ብሎ ቆሞ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ካውያ ጥሩ እናት አልነበረችም። የመጀመሪያ ባሏ ሞቶ ልጇን ይዛ ስትንከራተት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ላግባሽ አላት። የሰውየው ቤተሰቦች ግን ልጅ ያላት ሴት ቤታችን አትገባም ባዮች ነበሩ። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የስምንት ዓመት ልጇን "የሟች እህቴ ልጅ ነው" ብላ አስተዋወቀች። እህት የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም። ልጁንም ፊቷ አስቀምጣ "ከዛሬ ጀምሮ እማዬ እንዳትለኝ፣ አክስቴ በለኝ" ብላ አስጠናችው። በሠርጓ ቀን ልጁ ለእንግዶች ለስላሳ ሲያድል ዋለ። አንዴ አፉ አመለጠውና "እማዬ፣ ለስላሳው አለቀ" ሲላት በሰው ፊት በጥፊ አጮለችው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚሉት ይሄንን ነው። ዓመት ሳይሞላ ልጁን ለአንድ ሽማግሌ አናጺ ሰጥታ ተገላገለች።

ልጁ አደገ፤ እሱም አናጺ ሆነ፣ ሚስት አገባ። ሹፌሩ ደግሞ ሞተ። ካውያ ልጅ እንዳላት ትዝ ያላት ያኔ ነው፣ ቤቱ ጭር ሲልባት። ደጋግማ ደጁ ድረስ ሄደች። በሄደች ቁጥር ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ "የለም" ትላታለች፤ የመጋዙ ድምፅ ከጓሮ እየተሰማ።

ልጇን የምታገኝበትን ወሬ ያቀበላት ከቤቷ ፊት ለፊት ብስክሌት የሚጠግነው ጎሚስታ ነው።

"ልጅሽ በየዓመቱ በብስክሌት ወደ ገዳሙ ከሚሄዱት ጋር ነው የሚጓዘው" አላት። "በዚያ መንገድ ላይ ሕግ አለ። ተሳላሚ ይቅርታ ከተጠየቀ እምቢ ማለት አይችልም። ከብስክሌቱ ይወርዳል፣ ሁለቱ አንድ መሪ ይይዛሉ፣ ይቅር ብያለሁ ይላል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር በሁለቱ መሀል አይነሳም፤ ያነሳ ሰው የተሳለው ስለት ገደል ገባ ማለት ነው። ግን የሚጠይቀውም ራሱ እየነዳ የመጣ መሆን አለበት። በመኪና ቀድሞ ሄዶ ማድፈጥ የለም።"

ካውያ ከዚህ ሁሉ ወሬ የሰማችው "እምቢ ማለት አይችልም" የምትለዋን ብቻ ነው።

"አስተምረኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ብስክሌት ነዋ።"

ጎሚስታው ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ጎማውን ተደግፎ ቆየ። "ካረጁ አይበጁ አሉ። እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ አጥንትሽ አንዴ ከተሰበረ የሚገጥም እንዳይመስልሽ።"

"አጥንቱ የኔ ነው። አንተ ብስክሌቱን ያዝ።"

ሰፈሩ ጉድ አለ። በቀሚሷ ሥር የሟች ባሏን ሱሪ ታጥቃ፣ ከሥራ መልስ በየቀኑ ከአጥር ጋር ስትጋጭ ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ያያታል። "ካውያ ጎማ አወጣች" እያሉ ተሳለቁባት። ጉልበቷ ተላጠ፣ አንድ ጥርሷ ተሸረፈ፣ እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ማታ ማታ ደግሞ የኋላውን ክፍል አጸዳች። አልጋ ገዛች፣ አንሶላውን እጥፋቱ እስኪለይ ተኩሳ አነጠፈች። "ስመለስ ይዤው ነው የምመጣው" አለች ለጎሚስታው። ጎሚስታው ነገሩ ባይጥመውም ፍሬኑን አጠበቀላት።

ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጃል። ገና ከከተማው ሳይወጡ ካውያ የሁሉም ጭራ ሆነች። ዳገት ላይ ወርዳ ትገፋለች፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን አንቃ ይዛ ትጸልያለች። ጎረምሶቹ ሲያልፏት "አይዞሽ እማማ፣ ገዳሙ የትም አይሄድም" ይሏታል። አቧራው ከላቧ ጋር ተለውሶ ፊቷ ላይ ደረቀ። መቀመጫው እንዴት እንዳደረጋት ለሰው አይነገርም።

ሲመሽ ተሳላሚው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወለል ላይ ተደርድሮ ያድራል። እዚያ ስትደርስ ስለ አናጺው ጠየቀች። እሱ ሴት በማይገባበት በወንዶቹ አዳራሽ ተኝቷል፤ የማያውቀው ግን የለም። የአንዱን ሰንሰለት ቀጥሎለታል፣ የሌላዋን ሸክም ተቀብሏል፣ ለታመመው ፍራሹን ለቆለታል። ሁሉም ሲያመሰግነው ልቧ ሞቀና፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣት ቃል ወጣት።

"ልጄ እኮ ነው" አለች።

አጠገቧ እግሯን የምታሽ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየቻት። "የቱ? አናጺው? እሱማ እናቴ ሞታለች ነው ያለን" አለች።

ካውያ የምትገባበት ጠፋት። ሴትዮዋም መልሳ እግሯን ማሸት ጀመረች።

ወሬው እሱ ዘንድም ደርሷል። በሁለተኛው ቀን ሰው ሳይነሳ ቀድሞ ወጣ። ከኋላው የምትመጣ ሴት እንዳለች በነገሩት ቁጥር ፔዳሉን ይረግጣል። ካውያ እሱ ባረፈበት ስትደርስ እሱ ተነስቷል፤ ውሃ በጠጣበት ስትደርስ አቧራው ብቻ ነው የሚቀበላት። አልተመለሰችም። ብታለቅስም እየነዳች ነው ያለቀሰችው።

የያዘችው በሦስተኛው ቀን፣ ገዳሙ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት የመጨረሻ ዳገት ላይ ነው። ሊያመልጣት ይችል ነበር፤ ግን የአንድ መንገደኛ ሰንሰለት ተበጥሶ ስላገኘ አልፎት መሄድ አልሆነለትም። በርከክ ብሎ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ሲሠራ ጥላዋ አረፈበት።

ቀና ብሎ አያት። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት አለ።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

አናጺው ሰንሰለቱን ለቀቀ። በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እዚህ አትጠይቂኝ" አላት። "ቤት ነይ። ዘንድሮ በሩን ባልከፍትልሽ ከርሞ እከፍትልሽ ይሆናል። እንጣላለን፣ እሰድብሻለሁ፣ ትሰድቢኛለሽ። እዚህ መንገድ ላይ ግን እባክሽ አትጠይቂኝ።"

ልመና ነበር፤ ልጇ ለምኗት አያውቅም። አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ብስክሌቱን አዙሮ ይመለስ ነበር። ካውያ ግን ጋለች። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ጥርሴን ሸርፌ፣ አሁንም ደጅ ልጥና ነው?

"እምቢ ማለት አትችልም" አለችው ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "የመንገዱ ሕግ ነው። ይቅር በለኝ።"

ተሳላሚው ዞሮ ከበባቸው። አናጺው ተነሳ። እጁን በጨርቅ ጠረገና የእሷን ብስክሌት መሪ በአንድ ወገን ያዘ፤ እሷም በሌላው።

"ይቅር ብያለሁ" አለ። "ከዚህ ወዲያ አይነሳም።"

ካውያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ቆይ እንግዲህ ልንገርህ፤ ያኔ የሠርጌ ቀን እኔ እኮ..."

"አይነሳም።"

"ላስረዳህ እንጂ። አንድ ጊዜ ስማኝ።"

"አይነሳም" አላት፤ ቁጣ የለበትም፣ ለዚያች ሰንሰለት እንደሚያወራ ሁሉ ረጋ ብሎ። "ተናድጄብሽ በኖርኩበት ጊዜ ዕለት ዕለት አስብሽ ነበር። መጋዝ ስስብ በሆዴ እከራከርሻለሁ። አንድ ቀን መጥተሽ ለምን እንደሆነ እንድትነግሪኝ እጠብቅ ነበር። ስትመጪ ደግሞ እልኬ እስኪወጣልኝ በሩን እዘጋብሻለሁ። አሁን የምጠብቀው የለኝም።"

"ቤትህስ ልምጣ?"

"ለምን ጉዳይ?" አለ። ሊጎዳት ብሎ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።  ካውያ ያላት ጉዳይ ይቅርታው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አልቋል።

አናጺው የመንገደኛውን ሰንሰለት ገጠመለት፣ ፔዳሉን አዙሮ ሞከረው፣ "እግዜር ያግባህ" ብሎት በብስክሌቱ ላይ ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ ወደ ኋላ አልዞረም። ካውያ በጥፊ ቢያጮላት ትመርጥ ነበር፤ የሚያጮል ሰው ቢያንስ ቂም አለው።

ከበው የቆሙት ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። በዚያ መንገድ ይቅርታ ሲወርድ ማየት በረከት ነው ይባላል። ተራ በተራ እየመጡ እጇን ጨበጧት፣ ትከሻዋን ሳሟት፤ ያቺ እናቱ ሞታለች ያለቻት ሴት ሳትቀር አቅፋት አለቀሰች።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይኸው ልጅሽን አገኘሽ" አለቻት።

"አሜን" አለች ካውያ። ወረፋ ይዘው ለሚጠብቁትም እጇን ዘረጋች።