የመብራት የሚከፍለው መርከብ

እዚህ ሳን ሆዜ፣ ከፊት ለፊቴ አዲስ የገባው ጎረቤት የበረንዳውን መብራት አያጠፋም። «ለማን ነው የሚያበራው?» ብዬ ለራሴ ስጠይቅ ሳቄ መጣ፤ ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ ኦክላንድ ውስጥ ጠይቄዋለሁ።

ነገሩ በሰማንያዎቹ ነው። ኢኮኖሚክስ እየተማርኩ ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ለሦስት ተከራይተን ነበር፦ እኔ፣ ታክሲ ነጂው ታደሰና ጋሽ እድሪስ። ጋሽ እድሪስ ከምጽዋ ተነሥተው ብዙ ባሕር ያቋረጡ መርከበኛ ነበሩ፤ በኋላ ዳውንታውን ቢሮ ያጸዱ ነበር። ዝምተኛ ናቸው። በዚያ ዘመን ደግሞ ዝምተኛ ሰው ያስፈራል፤ ማን ለመንግሥት፣ ማን ለአማፂዎቹ እንደሚሠራ አይታወቅም። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነበር፤ እዚህ የእኔ ስም ከማይሆን ሰው ጋር ቢነሣ እዚያ የሚታሰረው እሱ ነው።

ወቅቱ ዝናብ በታኅሣሥ የሚዘንብበት የዚህ አገር ክረምት ነበር። ጋሽ እድሪስ ገና ሳይመሽ የበረንዳውን አምፖል ያበራሉ። አምፖሉ ቢጫ ይመስለኛል፤ ታደሰ በሕይወት ቢኖር ቀይ ነው ብሎ ይሟገተኝ ነበር።

የመብራቱ ቢል ሲመጣ፣ ታደሰ የሠራውን ምስር ወጥ በሩዝ እየበላን፣ «ጋሽ እድሪስ፣ የመብራት ያስጨመረብን በረንዳው ነው፤ ጭማሪውን እርስዎ ይክፈሉ» አልኳቸው።

«የመብራት የሚከፍለው መርከብ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«መርከብ ማነው?»

«የሚያልፈው ነዋ!» ብለው ሳሕናቸውን ይዘው ተነሡ።

ታደሰ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «ሰማህ? ኮድ ነው! መርከብ የሚሉት ሰው አላቸው፤ አምፖሉ ምልክት ነው።»

«ቀልድ ቢሆንስ?»

«ወንድምህ ሲታሰር ትስቃለህ። የቤቱ ኪራይ ውል ባንተ ስም አይደል? በወሩ መጨረሻ ይልቀቁ በላቸው።»

በማግስቱ፣ ሲመሻሽ፣ ሁለታችን ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን ጠበቅን። ከባቡር ጣቢያው በኩል አንዲት ሴት በካፊያው መጣች። ደጃችን ስትደርስ ጋሽ እድሪስ ወጡ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበለቻቸው።

«ይኸው መርከብ!» አለ ታደሰ በሹክሹክታ።

ጋሽ እድሪስ ገብተው ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ታማሌ የሚሉት፣ በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ የበሰለ ትኩስ የበቆሎ ሊጥ ነበር።

«ማናት?» አልኩ።

«ስሟን አላውቅም። የመንገዱ መብራት ከጠፋ ወዲህ እዚሁ ደጃችን ላይ ወድቃ አይቻታለሁ፤ የዛፉ ሥር መንገዱን ገልብጦት የለም? መርከብም ወደብ ሲገባ መንገድ ላሳየው መብራት ይከፍላል። በል ብላ ልጄ፤ የመብራት ተከፈለ።»

ትምህርቴ ተነሣብኝ። «ወደብ ሳይገባ፣ በመብራቱ ተጠቅሞ የሚያልፈውስ?»

«እሱ አይከፍልም። ታዲያ እሱን ለመቅጣት አጥፍተህ የከፈለውን ልታሰጥም ነው?»

ታደሰ ታማሌውን አሽትቶ እኔ እስክቀምስ ጠበቀ። «ይልቀቁ» የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ቀረ፤ ቢሉንም ለሦስት ከፈልን። ቢሆንም የሴትዮዋን ስም አለማወቃቸውን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላምንም።

ትናንት ማታ ከእግር ጉዞ ስመለስ ቁልፌን ያገኘሁት በጎረቤቴ መብራት ነው። ለካ ለማን እንደሚያበራ ስጠረጥር የከረምኩት በነፃ እያለፍኩ ኖሯል። ዛሬ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ በሩን ላንኳኳ ነው። ጎረቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ «ምን ይዞብኝ መጣ?» እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።