የንብ አውራ

ሽማግሌው ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ገና በሩ ሲከፈት ከች ይላሉ። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ መካከለኛው ቁልፍ ግን በቀይ ክር ተተክሏል። የተከለው እጅ መርፌ የለመደ እንዳልሆነ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ካየችው ቆይታለች።

የሚጠይቁት ምንጊዜም አንድ መጽሐፍ ነው። የጥንት የሜዲትራንያን ሊቃውንት እንስሳትን እያጠኑ የጻፉት ሁሉ ተሰብስቦበታል። ዝሆኑም፣ ዓሣውም፣ ዋኖሱም አለ። እሳቸው ግን የንቡን ምዕራፍ ብቻ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፤ አንብበው ሲጨርሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዛሬ ሲመልሱት ገለጥ ብታደርገው፣ «ንጉሥ» የሚል ቃል ካለበት መስመር ሁሉ ዳር በእርሳስ «ሴት ናት» ተብሎ ተጽፏል።

«አባባ! የሕዝብ መጽሐፍ ላይ ይጻፋል እንዴ?» ብላ ላጲሷን አነሳች።

«ጥፋቴ ነው ልጄ። ግን ተሳስተዋል እኮ! ቀፎውን ይዛ የምታኖረው እናቲቱ ሆና ሳለ ንጉሥ አሏት።»

«እኛስ አውራ እንል የለ? ልክ እንደ አውራ ዶሮ!» አለች እየሳቀች፣ ማጥፋቷንም ቀጠለች።

እሳቸው አልሳቁም። ቀዩን ክር በጣታቸው ሲነካኩ ቆዩ።

«እኔም የቤቱ አውራ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉ። «አምስት ልጆች አሉኝ። በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በሬን የቆረቆረ የለም። ለካስ ይመጡ የነበረው ወደ እሷ ነው።»